108 ዓመት ዋንጫ የጠበቀ ደጋፊ ስለ ዕድል ምን ያስተምረናል?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የምትደግፉት ቡድን ዋንጫ ካነሳ ስንት ዓመቱ ነው? አምስት? አስር? ሃያ? "በቃ፣ ሌላ ቡድን ልያዝ" ያላችሁበት ቀንስ የለም?

አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። አያታችሁ የደገፉት፣ አባታችሁ የደገፉት፣ እናንተም የምትደግፉት ቡድን በሦስታችሁም ዕድሜ አንድም ዋንጫ አላነሳም። የቺካጎ ከብስ ደጋፊዎች የኖሩት እንዲህ ነው። ከብስ የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ሲሆን ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን ትልቁን ዋንጫ በ1908 ወሰደ። ቀጣዩን የወሰደው በ2016 ነው፤ ከ108 ዓመት በኋላ ማለት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡድኑ ከ1916 ጀምሮ በሚጫወትበት በሪግሊ ፊልድ ስታዲየም አንድ ልማድ አለ። ጨዋታው ሲያልቅ ባንዲራ ይሰቀላል። ከብስ ካሸነፈ ነጭ ባንዲራ ላይ ሰማያዊ "ደብሊው" ይታያል፤ ከተሸነፈ ሰማያዊ ባንዲራ ላይ ነጭ "ኤል"። በሰፈሩ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ አይቶ ውጤቱን ያውቃል። ቀንደኛው ቲፎዞ በዚህ ባንዲራ ይደሰታል፣ በዚህ ባንዲራ ይናደዳል። ግን የዛሬው ባንዲራ ስለ ቡድኑ እውነተኛ አቅም ምን ያህል ይነግረዋል? መልሱ "በጣም ጥቂት" ነው። ለምን እንደሆነ አብረን እንየው።

ሁለት ክብ ነገሮች ሲጋጩ

ቤዝቦልን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በእያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ተጫዋቾች አሉ። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ኳስ ይወረውራል፣ የሌላው ቡድን መቺ በዱላ ይመታል። መቺው መትቶ ይሮጣል፤ በሜዳው ላይ ያሉትን አራት ማረፊያዎች ዞሮ ከጨረሰ ነጥብ ይቆጠራል።

ችግሩ ያለው ምቱ ላይ ነው። ኳሷ በሰዓት ከ145 ኪሎ ሜትር በላይ ስትወረወር መቺው ጋ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይፈጅባታል። ኳሷም ክብ ናት፣ ዱላውም ክብ ነው። ዱላው ኳሷን ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ካገኛት ወደ ሰማይ ትወጣለች፤ ጥቂት ከፍ ካለ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች። ከአስር ሙከራ ሦስቱ የተሳካለት ሰው በጣም ጎበዝ መቺ ይባላል። ስለዚህ ጎበዙ ቡድን በደካማው የሚሸነፍበት ቀን ብዙ ነው።

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ይህን ነገር በሌላ ስም እናውቀዋለን። ሬዲዮ ስትከፍቱ ከዘፈኑ ጋር "እሽሽሽ" የሚል ድምፅ ይመጣል አይደል? ዘፈኑን ሲግናል፣ እሽታውን ኖይዝ እንለዋለን። የቡድኑ እውነተኛ አቅም ሲግናሉ ነው፤ የአንድ ቀን ውጤት ግን በአብዛኛው ኖይዝ ነው። አንድ ጨዋታ አይቶ "ቡድኑ አለቀለት" ማለት አንዲት ሰከንድ ሰምቶ የዘፋኙን ስም እንደ መጥራት ነው።

አንድ ሳንቲም፣ 162 ጊዜ

ኖይዝን ለመቀነስ የታወቀው ዘዴ ብዙ ጊዜ መለካት ነው። ቤዝቦልም ይህን ያደርጋል። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 38 ጨዋታ ያደርጋል፤ በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ግን 162! ከፀደይ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ በየቀኑ ጨዋታ አለ ማለት ይቻላል። ታዲያ 162 ይበቃል?

አንድ ቡድን ፍጹም መካከለኛ ነው እንበል። እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ ልክ እንደ ሳንቲም 50 በመቶ ነው። በአማካይ 81 ጊዜ ያሸንፋል። ግን ሁልጊዜ 81 አይመጣም። ውጤቱ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚነግረን ስታንዳርድ ዴቪየሽን ይባላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 162ን ለ4 አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። 6.4 ገደማ ይመጣል። በ95 በመቶ ዕድል ውጤቱ ከአማካዩ በሁለት እጥፍ ስታንዳርድ ዴቪየሽን ክልል ውስጥ ይወድቃል። ማለትም ያ መካከለኛ ቡድን ምንም ሳይለወጥ አንዱን ዓመት 68፣ ሌላውን ዓመት 94 ጊዜ ሊያሸንፍ ይችላል።

68 ካሸነፈ ደጋፊው "አሰልጣኙ ይባረር!" ይላል። 94 ካሸነፈ "አሰልጣኙ ሊቅ ነው!" ይላል። ሳንቲሙ ግን ያው ሳንቲም ነው።

ትንሽ ጨመር እናድርግ። ቡድኑ ከሌሎቹ ሻል ያለ ነው፣ እያንዳንዱን ጨዋታ በ55 በመቶ ዕድል ያሸንፋል እንበል። ይህ ብልጫ ከኖይዙ በሁለት ስታንዳርድ ዴቪየሽን ጎልቶ እንዲታይ 400 ያህል ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ከሁለት የውድድር ዘመን በላይ! ወርልድ ሲሪስ ደግሞ ከሰባት ጨዋታ መጀመሪያ አራት ያሸነፈ ይውሰድ የሚል ነው። የእኛ ሻል ያለ ቡድን ይህን የማሸነፍ ዕድሉ 61 በመቶ ብቻ ነው። ከአስር አራቱን ጊዜ የተሻለው ቡድን ባዶ እጁን ይመለሳል።

ፍየሏ ምን አጠፋች?

የሰው አእምሮ ግን "አጋጣሚ ነው" የሚለውን መልስ አይወድም። በ1945 ከብስ ለወርልድ ሲሪስ ደርሶ ነበር። ቢሊ ሲያኒስ የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት ፍየሉን ይዞ ስታዲየም መጣ፤ ከነፍየሉ ተባረረ። ተናዶም ቡድኑን ረገመ ይባላል። ከብስ በዚያ ዓመት ተሸነፈ፤ ከዚያም እስከ 2016 ድረስ ወርልድ ሲሪስ አልደረሰም። "የፍየሏ እርግማን" የሚለው ወሬ ለትውልድ ተላለፈ።

እርግማን ያስፈልጋል ወይ? እስቲ እናስላ። ሁሉም ቡድኖች እኩል ናቸው ብለን እንነሳ። እስከ 1960 ድረስ ቡድኖቹ 16 ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ጨምረው ከ1998 ጀምሮ 30 ሆኑ። በዚህ ሒሳብ አንድ የተወሰነ ቡድን ከ1909 እስከ 2015 አንድም ዋንጫ ሳያነሳ የመቅረት ዕድሉን ሳሰላው ከ240 አንድ ገደማ መጣልኝ። ትንሽ ነው። ግን ጥያቄው "ለምን ከብስ?" ሳይሆን "ለምን ከመጀመሪያዎቹ 16 ቡድኖች አንዱ?" ከሆነ ዕድሉ ወደ 15 አንድ ያድጋል። ያ ደግሞ ተአምር አይደለም። ቦስተን ሬድ ሶክስም 86 ዓመት ጠብቆ በ2004፣ ቺካጎ ዋይት ሶክስም 88 ዓመት ጠብቆ በ2005 ነው ያሸነፈው። በዚህ ላይ ከብስ ለብዙ ዓመታት በእውነትም ደካማ ቡድን እንደነበር ጨምሩበት። ፍየሏ ነጻ ናት!

ሲግናሉ ሲመጣ

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር ኖይዝ ነው ማለት አይደለም። በ2012 ከብስ 101 ጨዋታ ተሸንፎ 61 ብቻ አሸነፈ። 61 ከ81 በ20 ያንሳል፤ ከሦስት ስታንዳርድ ዴቪየሽን በላይ ነው። እዚህ ላይ "አጋጣሚ ነው" ማለት አይቻልም፤ ቡድኑ በእርግጥ ደካማ ነበር። በ2011 መጨረሻ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ቲዮ ኤፕስታይን በወጣት ተጫዋቾች አዲስ ቡድን እየገነባ ነበር። በ2016 ያው ክለብ 103 ጨዋታ አሸነፈ። ይህም ከኖይዝ በላይ ነው።

እንዲያም ሆኖ አጋጣሚ አልለቀቃቸውም። በወርልድ ሲሪሱ ከክሊቭላንድ ጋር ተጋጥመው 3 ለ 1 ተመሩ። ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ማሸነፍ ነበረባቸው፤ በሳንቲም ሒሳብ ከስምንት አንድ። አሸነፉ። ሰባተኛው ጨዋታ 6 ለ 6 ሆኖ ወደ ተጨማሪ ዙር ሊገባ ሲል ዝናብ ለ17 ደቂቃ አቋረጠው። ከዚያ 8 ለ 7 ተጠናቀቀ። የዓመቱ ምርጥ ቡድን ዋንጫውን ያገኘው በአንዲት ነጥብ ነው!

ታዲያ ደጋፊው ለምን ቆየ?

በ1976 ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳተሙ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸው ቡድን ሲያሸንፍ በማግስቱ ሰኞ የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ልብስ በብዛት ለብሰው ይመጣሉ። ስለ ድል ሲያወሩ "አሸነፍን" ማለት ይቀናቸዋል፤ ሽንፈት ሲሆን ግን "እኛ" የምትለዋ ቃል ትቀንሳለች። ቀንደኛ ደጋፊ ማለት እንግዲህ በሽንፈት ቀንም "ተሸነፍን" የሚለው ነው።

አንጎላችንም ያግዘዋል። ወልፍራም ሹልትዝ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ምርምር የዶፓሚን ሴሎች ይበልጥ የሚነቁት ያልተጠበቀ ሽልማት ሲመጣ እንደሆነ አሳይቷል። ሁሌ ከሚያሸንፍ ቡድን ይልቅ መቼ እንደሚያሸንፍ የማይታወቅ ቡድን ልብ የሚሰቅለው ለዚህ ይሆናል። ደግሞም በዚያ አስከፊ በ2012 እንኳ ከሦስት ጨዋታ አንዱን ከማሸነፍ በላይ ሆኗል፤ ደስታው ጨርሶ አልጠፋም።

ግን ዶፓሚን ብቻውን አይበቃም። በ2016 ድሉ በተገኘ ማግስት ደጋፊዎች ጠመኔ ይዘው ወደ ሪግሊ ፊልድ ሄዱ። በስታዲየሙ የጡብ ግድግዳ ላይ ይህን ቀን ሳያዩ የሞቱትን የእናቶቻቸውን፣ የአባቶቻቸውንና የአያቶቻቸውን ስም ጻፉ። ግድግዳው ሰው እጁን ዘርግቶ እስከሚደርስበት ድረስ በስም ተሞላ። እነዚያ ሰዎች አንድም ዋንጫ አላገኙም፤ ግን ደጋፊነታቸውን ለልጆቻቸው አውርሰዋል።

በሉ አሁን ተራው የእናንተ ነው። አንድ ሳንቲም ውሰዱና 162 ጊዜ ወርውሩ። አንበሳ ከመጣ "አሸነፍን"፣ ካልመጣ "ተሸነፍን" ብላችሁ በተራ መዝግቡ። ስድስት ሰባት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፋችሁበትን ቦታ ታገኙ ይሆናል። እዚያ ጋ ስትደርሱ ሳንቲሙን ማን እንደረገመው አትጠይቁ፤ ቀጥሉና ወርውሩ።