ከክትፎ ቤቱ ባሻገር፦ ስለ ወልቂጤና ቡታጅራ ምድር የሚባለውና እውነቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ጉራጌን የማያውቅ ሰው የለም፤ የጉራጌን አገር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙው ሰው የሚያውቀው ክትፎ ቤቱን፣ መርካቶንና በመስቀል ሰሞን መናኸሪያ ውስጥ «ወልቂጤ! ቡታጅራ!» እያለ የሚጣራውን ረዳት ነው። ከዚህ እውቀት የተወለዱ አባባሎች ደግሞ እንደ ሐቅ ይዞራሉ። ጉራጌ ቋንቋው አንድ ነው፣ ጉራጌ ሁሉ ክርስቲያን ነው፣ የጢያ ድንጋዮች የግራኝ ናቸው፣ እንሰት ፍሬ የማይሰጥ ሙዝ ነው ይባላል። ምድሩ ላይ ያለው ነገር ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ያስገርማል።

ከአቀማመጡ መጀመር ይሻላል። ሁለቱ ከተሞች በወሬ አብረው ስለሚነሡ እርስ በርስ የሚተያዩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ቡታጅራ ደግሞ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች ተጋድመዋል፤ ዘቢዳር የተባለው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,700 ሜትር ያልፋል። ይህ ሰንሰለት የውኃ ድንበርም ነው። በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ ዋቤ ወንዝ ይገባል፤ ከዋቤ ወደ ጊቤ፣ ከጊቤ ወደ ኦሞ እየፈሰሰ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። በምሥራቅ በኩል የወረደው በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። አንድ ደመና ያዘነበው ውኃ ጫፉ ላይ ይለያይና ዳግመኛ አይገናኝም፤ ሁለቱም ባሕር ሳያዩ ይቀራሉ። በአስተዳደርም ቢሆን የድሮው ካርታ አይሠራም፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች።

ቋንቋውም እንደ ውኃው ይከፋፈላል። ቸሃ፣ እዣ፣ እኖር፣ ጉመር እና ሌሎቹ የሰባት ቤት ወገኖች እርስ በርስ ይቀራረባሉ። በሶዶ የሚነገረው ክስታንኛ ግን ለቸሃው ሰው በቀላሉ የሚገባ አይደለም፤ ሁለቱ ወልቂጤ ገበያ ላይ ቢገናኙ ብዙ ጊዜ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። መስቃንኛና ዶቢኛም የየራሳቸው መልክ አላቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ስልጥኛ፣ ወለንኛ እና በዝዋይ ደሴቶች የሚነገረው ዛይኛ ከቸሃኛ ይልቅ ሐረር ከተማ ውስጥ ለሚነገረው ሐረሪኛ መቅረባቸው ነው። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሦስት ቅጽ የጉራጌ የቃላት ምንጭ መዝገበ ቃላት ከአሥር የሚበልጡ አነጋገሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ ሆኖበታል። በዚያ ላይ ወልቂጤ ዙሪያ ቀቤንኛ፣ ከቡታጅራ ወዲያ ማረቆኛ ይነገራል፤ ሁለቱም ከሴም ሳይሆን ከኩሽ ቤተሰብ የሆኑ ቋንቋዎች ናቸው። «ጉራግኛ ትችላለህ?» የሚለው የከተማ ጥያቄ እንግዲህ አንድ መልስ የለውም።

ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ ሶዶ ውስጥ፣ ጢያ አለች። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው 36 ትክል ድንጋዮች እዚያ ቆመዋል፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። የተቀረጸው ሰይፍ ጎልቶ ስለሚታይ በአካባቢው የግራኝ ድንጋይ ይባላሉ፤ አፈ ታሪኩም ግራኝ የተባለው ኢማም አሕመድ በዘመቻው ያቆማቸው ናቸው ይላል። እሱ የዘመተው በ16ኛው መቶ ዘመን ሲሆን የሞተው በ1543 እ.ኤ.አ. ነው። ፍራንሲስ አንፍሬና ሮዤ ዡሶም የመሳሰሉ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ባካሄዱት ቁፋሮ ግን ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክት መሆናቸው ታውቋል፤ መቃብሮቹም ከግራኝ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይቀድማሉ። ጢያ ብቻዋን አለመሆኗም ብዙ ጊዜ አይነገርም። በሶዶ አካባቢ የተገኙት እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች 160 ያህል ናቸው። ግራኝን ከዚህ ታሪክ ማውጣት ድንጋዮቹን አያሳንሳቸውም። እንዲያውም በጦርነት ያለፈ ሠራዊት ሳይሆን እዚያው ኖሮ ሙታኑን በክብር የቀበረ ሕዝብ ሥራ መሆናቸውን ያሳያል።

ሌላው ታዋቂ ተረት ከቡታጅራ በስተ ደቡብ፣ ስልጤ ዞን ውስጥ ያለው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ ነው። ከአፋፉ ላይ ቆሞ የወረወረ ሰው ድንጋዩ ውኃው ላይ አያርፍም፣ ሸይጣኑ ይመልሰዋል ይባላል። ድንጋዩ በእርግጥ ውኃው ዘንድ አይደርስም፤ ምክንያቱ ግን ርቀቱ ነው። ጉድጓዱ ሰፊና ገደላማ ሲሆን፣ ዓይን የሚለካበት ዛፍ ወይም ቤት በመካከሉ ስለሌለ ውኃው ከእግር በታች ያለ ይመስላል፤ የተወረወረው ድንጋይ የሚያርፈው ውስጠኛው ቁልቁለት ላይ ነው። የሐይቁ አፈጣጠር ከተረቱ ይበልጣል። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የመጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው ባንድ አፍታ እንፋሎት ሆኖ ምድሩን በፍንዳታ ከፍቶታል፤ ጉድጓዱም ቆይቶ ውኃ ሞላው። ከቡታጅራ እስከ ስልጤ የተደረደሩት ክብ ኮረብቶችም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ቡታጅራ የተቀመጠችው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ ከኋላዋ የቆመው የጉራጌ ተራራም የሸለቆው ግድግዳ ነው።

ሃይማኖትን በተመለከተ ያለው ስሕተት የመጣው ከመስቀል ድምቀት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ግን ከያኔው የጉራጌ ዞን ሕዝብ ከግማሽ በላይ፣ 51 በመቶ ገደማ፣ ሙስሊም ነበር፤ ኦርቶዶክሱ ወደ 42 በመቶ ይጠጋል። በመስቀል መርካቶ ጭር እንደሚል ሁሉ በአረፋም ሙስሊሙ ጉራጌ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይገባል። በቸሃ የሚገኘው አብሬት ከአገሪቱ ታዋቂ የሱፊ ማዕከላት አንዱ ነው። እምድብር ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መቀመጫ ሆናለች። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ዋቅ የሰማይ፣ ቦዣ የመብረቅ፣ ደሟሟዊት የሴቶች አምላክ ተብለው ይመለኩ እንደነበር አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ሻክ መዝግቧል።

እንግዳ ሰው የጉራጌ መንደር ሲገባ የሚሳሳተው ደግሞ በጀፎረ ነው። በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋውን ያን ሰፊ መስክ ሲያይ ሥራ የፈታ ባዶ መሬት ይመስለዋል። ጀፎረ ግን መንገድም አደባባይም ነው። ለቅሶው የሚቀመጠው፣ ሠርጉ የሚጨፈረው፣ ሽማግሌ የሚሰበሰበው፣ ጥጃ የሚግጠው እዚያ ነው። የማንም የግል ይዞታ አይደለም፤ ማንም ገፍቶ እንዳያጥረው የሚጠብቀው የአገሬው ሕግ፣ ቂጫ፣ ነው። የከተማ ፕላን ባለሙያዎች አረንጓዴ ቦታ ብለው ዛሬ የሚታገሉለትን ነገር መንደሮቹ ያለ መሐንዲስ ጠብቀው አቆይተዋል። ይህ ሊደነቅ ብቻ ሳይሆን ሊጠና የሚገባው ነው።

ቂጫ የወንዶች ብቻ ሕግ ነው፣ ሴት አፏን ከፍታበት አታውቅም የሚሉም አሉ። የሰባት ቤት ሸንጎ የሆነው የጆካ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን እንደኖረች የሚነገርላትን የቃቄ ወርድወትን አስተናግዷል። ሴት ባሏን ፈትታ የፈለገችውን እንድታገባ መብት ይሰጣት ብላ ተሟግታለች። ታሪኳ ከጊዜ በኋላ ተውኔት ሆኖ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ታይቷል።

ጉራጌ አገር ጓሮ ብቻ ነው፣ የዱር እንስሳ የለበትም የሚባለውን ለመመርመር ከወልቂጤ በጅማ መንገድ ወደ ጊቤ መውረድ ይበቃል። ከደጋው ብርድ ተነሥቶ ድልድዩ ዘንድ ሲደረስ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩም ቆላ ይሆናል። ወንዙ ውስጥ ጉማሬና አዞ አሉ፤ በወንዙ ዳር ዛፎች ላይ ጉሬዛ ይታያል። የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘውም እዚሁ ነው። እንስሳቱ እስከ ዛሬ የተረፉት ማንም ስለራራላቸው አይደለም፤ ያተረፋቸው የቆላ ዝንብ ነው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ በሬውን እየገደለ ገበሬውን ከሸለቆው አርቆት ቆይቷል። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ የከብት ተመራማሪዎች ጊቤ ሸለቆ ውስጥ ዝንቡን አጥንተዋል፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በከብቱ ጀርባ ላይ በሚፈስ መድኃኒት ቁጥሩን ሲቀንሱት እርሻው ወደ ሸለቆው ገፋ። ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ለዱሩ ደግሞ ጥበት። አንዱን ብቻ የሚተርክ ሰው ግማሹን ነው የሚናገረው።

ወደ እንሰት እንምጣ፤ ስለ ጉራጌ አገር ከሚወሩት ስሕተቶች የበዙት በእሱ ላይ ናቸውና።

እንሰት የሙዝ ዘመድ መሆኑ እውነት ነው። ፍሬ አይሰጥም መባሉ ግን ስሕተት ነው፤ ያፈራል፣ ነገር ግን ውስጡ በትልልቅና ጠንካራ ዘር የተሞላ ስለሆነ አይበላም። አንድ ጊዜ አብቦ ካፈራ በኋላም ይሞታል። ሰው የሚፈልገው የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦ የሠራውን ግንድና ከምድር በታች ያለውን አሚቾ ነው። ግንዱ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ ተጨምቆ የጠለለው ነጩ ቡላ ነው፤ ከፍቁ የሚቀረው ቃጫ ገመድና ጆንያ ይሆናል። የደቡብ ብቻ ተክል ነው የሚለውም አይጸናም። ተጓዡ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ አይቶት ሥዕሉን መጽሐፉ ውስጥ አትሞታል፤ የጎንደርና የጎጃም እናቶችም ድፎ ዳቦ የሚጋግሩበት ኮባ እሱው ነው። ዱር በቀሉ እንሰት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይበቅላል፤ አልምቶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው።

የድሃ ምግብ ነው የሚለው አነጋገር ከሁሉ ያሳዝናል። እንሰት በአንድ ወር አይሰበሰብም፤ ከተተከለ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝናብ በቀረበት ዓመትም ይቆረጣል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእንሰት አገሮች ከእህል አገሮች ይልቅ የተቋቋሙት ለዚህ ነው። ዛሬ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ኢትዮጵያዊ ይመገበዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ እርሻው ቢስፋፋ በኢትዮጵያና በጎረቤቶቿ ተጨማሪ 100 ሚሊዮን ያህል ሰው ሊመግብ እንደሚችል ገምቷል። ትንሽ መሬት ብዙ ሰው ስለሚይዝ ግን ልጆች ሲበዙ መሬቱ ይጠባል። ጉራጌ ሲወለድ ነጋዴ ነው የሚባለው ከዚህ ጋር መታየት አለበት፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ የገቡት ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ሱቁ የመጣው በኋላ ነው።

ክትፎውም ከዚሁ ጓሮ የወጣ ነው። ጓሮው ፍግ ይፈልጋል፣ ፍግ ከብት ይፈልጋል፣ ከከብቱ ቅቤና አይብ ይገኛል። ቆጮ ኃይል ሰጪ እንጂ ገንቢ ምግብ ስላልሆነ ጎመኑ፣ አይቡና ሥጋው ያስፈልጉታል። የገጠሩ ሰው ግን ክትፎ በየቀኑ አይበላም፤ የበዓልና የእንግዳ ማዕድ ነው። ሚጥሚጣው የጥሬ ሥጋን በሽታ ይገድላል የሚባለውም ሐሰት ነው። የኮሶ ትል እጭ የሚሞተው ሥጋው በደንብ ሲበስል ወይም ለብዙ ቀን በጠንካራ ቅዝቃዜ ሲቆይ ነው፤ ለብለብ አይበቃውም። ሚጥሚጣውና የማረቆ በርበሬ ዘራቸው ከአሜሪካ አህጉር መሆኑ ደግሞ ብዙ ቆጮ በሊታን ያስደነግጣል፤ ወደ እኛ የደረሱት ኮሎምበስ ከተጓዘ ወዲህ ነው። ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ዛሬ የአገሩ መታወቂያ ሆኗል።

የእንሰት እውነተኛ ጠላት ድህነት ሳይሆን የአጠውልግ በሽታ ነው። ባክቴሪያው ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1968 እ.ኤ.አ. በጥናት ተገለጸ፤ የገባበት ተክል ቅጠሉ ጠውልጎ ይደርቃል፣ መድኃኒትም የለውም። ጃርትና ፍልፈልም አሚቾውን ይበላሉ። በሽታውን ከጓሮ ጓሮ ዋና ሆኖ የሚያዛምተው ግን የታመመውን ቆርጦ ሳይጸዳ ጤነኛውን የሚነካ ቢላዋ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች የሚመክሩት ስለቱን በእሳት ማስመታትን፣ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበርንና የጓሮውን አጥር ከብት እንዳይገባበት መዝጋትን ነው።