አራዊት መንገድ የሚሻገሩት የት ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በባሌም ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያቀናው መንገድ የቀይ ቀበሮ ዋና መኖሪያ የሆነውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። በነዚህ መስመሮች ለሚመላለስ ሾፌር ሌሊት የተገጨ ጅብ ጠዋት መንገድ ዳር ወድቆ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። “መሻገሪያ ይሠራላቸው” ማለት ቀላል ነው፤ ላለፉት 40 ዓመታት ያህል በብዙ አገሮች ሲያከራክር የኖረው ግን “የት?” የሚለው ጥያቄ ነው።

መሻገሪያው እንደሚያዋጣ ከእንግዲህ አያጠራጥርም። በካናዳ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው አገር አቋራጭ አውራ ጎዳና 6 ድልድዮችና 38 የሥር መተላለፊያዎች አሉት፤ ግራና ቀኙም ታጥሯል። በዚህ ምክንያት መኪና ከዱር እንስሳ ጋር የሚጋጭበት አደጋ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ የአጋዘን ዝርያዎች ብቻቸውን ሲታዩ ቅነሳው ከ96 በመቶ ያልፋል። አጥር ከሌለ መሻገሪያው ብዙም አይረባም፤ እንስሳው ፊት ለፊቱ ያለውን አስፋልት ትቶ ድልድይ ፍለጋ አይሄድምና። ተመራማሪዎች መጀመሪያ አሸዋ አንጥፈው ኮቴ በመቁጠር፣ በኋላም በካሜራ ለዓመታት ሲከታተሉ እንዳዩት ግሪዝሊ ድብና ተኩላ ሰፊና ገላጣ ድልድይ ይመርጣሉ፤ ጥቁር ድብና ፑማ የተባለው ትልቅ የዱር ድመት ጠበብ ያለውን መሿለኪያ። ለመልመድም ዓመታት የፈጀባቸው አሉ። በመጀመሪያው ዓመት “ማንም አልተሻገረበትም” ብሎ ሥራውን መኮነን ችኮላ ነው።

ቦታ ለመምረጥ ቀድሞ የሚፈተሸው የአደጋ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ግን ጎዶሎ ነው። ፖሊስ የሚመዘግበው በአብዛኛው ሰው ሲጎዳ ወይም መኪና ሲሰበር ነው። የመንገድ ሠራተኛም የሚቆጥረው ከአስፋልቱ ላይ ያነሳውን ብቻ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ሚስታኪስ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በአልበርታ ክፍለ ሀገር የክሮውስነስት ፓስ ነዋሪዎችን አስተባበረ። በአውራ ጎዳና ቁጥር 3 ላይ በ44 ኪሎ ሜትር ርዝመት በሕይወት ያለም ሆነ የሞተ እንስሳ ያየ ሁሉ ቦታውን በኮምፒዩተር ካርታ ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። ጥርጣሬ መነሳቱ አልቀረም። ሰው የሚመዘግበው አዘውትሮ የሚነዳበትን መንገድ ነው፤ ትልቁን አጋዘን ያስታውሳል፣ ትንሹን ይረሳል። ስለዚህ በታቀደ ሰዓት እየነዱ፣ ምንም ያልታየበትን ጉዞ ጭምር የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች ተመደቡ። እንስሳት የሚበዙበትን ቦታ በማመልከት ረገድ ሁለቱ መዝገቦች ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። “ዛሬ ምንም አላየሁም” ብሎ መጻፍም ራሱ መረጃ ነው፤ ያለሱ የእንስሳቱን መብዛት ከተመልካቹ መብዛት መለየት አይቻልም።

በዚያው መንገድ የተደረገው ሌላ ሥራ ይበልጥ ያስደንቀኛል። በጎ ፈቃደኞች የመንገዱን ዳር ዳር በእግራቸው እየሄዱ፣ ተገጭቶ ጥቂት ተራምዶ ቁጥቋጦ ውስጥ የሞተውን እንስሳ ፈለጉ። እውነተኛውን ጉዳት ለማወቅ ከመንገዱ ላይ የተመዘገበውን ቁጥር በ2.8 ገደማ ማባዛት እንደሚያስፈልግ ያወቅነው በእነዚህ እግረኞች ድካም ነው።

ሆኖም የሞቱትን ብቻ የቆጠረ ሰው ሊሳሳት ይችላል። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አንገታቸው ላይ መከታተያ የታሰረላቸው ፑማዎች ብዙ ጊዜ እስከ አውራ ጎዳና ቁጥር 101 ጠርዝ ደርሰው ይመለሳሉ። ያ መንገድ 10 መስመር አለው፤ በቀን 300,000 ያህል መኪና ያልፍበታል። ተከበው የቀሩት ፑማዎች እርስ በርስ እየተዛመዱ መራባታቸው ዘራቸውን አደጋ ላይ ጥሎታል። በድን የማይገኝበት ቦታ እንስሳቱ መሻገር የተውበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራው የተጀመረው ትልቅ ድልድይ በሊበርቲ ካንየን እንዲሆን የተወሰነው የፑማዎቹ መረጃ ስላመለከተና ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት በጥበቃ ሥር ስለሆነ ነው። ከድልድዩ ማዶ ነገ ቤት የሚሠራበት ከሆነ መሻገሪያው ትርጉም የለውም።

ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ዝሆኖች በሚመላለሱበት ኮሪደር ላይ ከናንዩኪ ወደ ሜሩ በሚወስደው መንገድ ሥር መተላለፊያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ነው፤ የመጀመሪያው ዝሆን በቀናት ውስጥ አልፎበታል። እኛ ዘንድ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ውስጥ ናቸው። ከዚህ ቁጥር ላይ በመኪና የሚሞት አንድም ብዙ ነው።

መዝገቡን ለመጀመር ድልድይ መጠበቅ አያስፈልግም። በአዋሽና በባሌ የምትመላለሱ ተሳፋሪዎችና ረዳቶች፦ የእንስሳውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስልካችሁ የሚያሳየውን ቦታ ወይም የኪሎ ሜትሩን ድንጋይ ጻፉ። ሾፌሩ ግን እጁን ከመሪው አያንሳ። በአቅራቢያው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች መዝገቡን ይሰብስቡ፤ ምንም ያልታየበትንም ጉዞ ይቀበሉ። መንገድ የሚያድስ መሐንዲስም የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦውን ስፋት ከመወሰኑ በፊት ይህን መዝገብ ይጠይቅ፤ ለእንስሳትም መተላለፊያ የሚሆን ሰፋ ያለ ቱቦ በግንባታ ጊዜ የሚጠይቀው ወጪ በኋላ አስፋልት ቆርጦ ከመሥራት እጅግ ያነሰ ነው።