ፊኛን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች እንዴት ይሠራሉ?

ሽንትዎ በድንገት መጥቶ ሽንት ቤት እስኪደርሱ አልያዝ ይልዎታል? ቀን ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ ይመላለሳሉ? ሌሊትስ ከእንቅልፍዎ ይቀሰቅስዎታል? ብዙ ሰው ይህን «የዕድሜ ነገር ነው» እያለ በሆዱ ይዞት ይኖራል። ረጅም መንገድ መሄድ ይተዋል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ በር በሩን እያየ ይቀመጣል። ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ ለሐኪም መናገር አያሳፍርም።

ፊኛ ሽንት የሚጠራቀምበት ከረጢት ነው። ግድግዳው ጡንቻ ነው። የጤነኛ አዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሲሞላም ጡንቻው ላላ ብሎ ይለጠጣል። መሽናት ስንፈልግ ነርቮች አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ይለቃሉ። ኬሚካሉ በጡንቻው ላይ ባሉት ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ ጡንቻው ይኮማተርና ሽንት ይወጣል። በዚህ ሕመም ግን ፊኛው ገና ሳይሞላ ጡንቻው ይኮማተራል። ያ ድንገተኛ ጥድፊያ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መድኃኒቱ ታዲያ ምን ያደርጋል? እንደ ኦክሲቡቲኒን፣ ቶልቴሮዲንና ሶሊፌናሲን ያሉት ክኒኖች ወንበር ቀድሞ እንደያዘ እንግዳ፣ ተቀባዮቹን ይይዟቸዋል። አሴቲልኮሊን ማረፊያ ስለሚያጣ ጡንቻው ይረጋጋል።

አፍ የሚደርቀውስ ለምንድን ነው? እነዚሁ ተቀባዮች በምራቅ ዕጢ፣ በአንጀት፣ በዓይንና በአንጎልም ስላሉ ነው። ስለዚህ የሆድ ድርቀትና የዓይን ብዥታም ሊመጣ ይችላል። ብዙዎች መድኃኒቱን የሚያቋርጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከማቋረጥዎ በፊት ግን ሐኪምዎን ያማክሩ። መጠኑን መቀነስ ወይም ቀስ እያለ በሚሟሟው ክኒን መቀየር ብዙ ጊዜ ያቀልለዋል።

ለአረጋውያን የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መርሳትና ግራ መጋባት ሊያስከትል ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ወይም እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖች የሚወስዱ ከሆነ ይንገሩ፤ እነሱም ተመሳሳይ ሥራ ስላላቸው ጉዳቱ ይደራረባል። አንዳንድ የግላኮማ ዓይነት ያለበት፣ ወይም ሽንቱ ሙሉ በሙሉ የማይወጣለት ሰው ደግሞ እነዚህን ክኒኖች ያለ ሐኪም ፈቃድ መጀመር የለበትም።

ሌላው መድኃኒት ሚራቤግሮን ነው። በአሜሪካ የተፈቀደው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህኛው ሌሎች ተቀባዮችን ያነቃና ፊኛው በሚሞላበት ጊዜ ጡንቻው እንዲላላ ያደርጋል። አፍ ማድረቁ በጣም ያነሰ ነው። ደም ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ግን መለካት ያስፈልጋል። ዋጋው ከቀድሞዎቹ ሊበልጥ ይችላል። ለወራት የሚወሰድ ነውና የአንዱን ፓኬት ሳይሆን የወሩን ሒሳብ ፋርማሲው ውስጥ ይጠይቁ።

መቼ ይሻለኛል? ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይታገሡ። መድኃኒቱ ጥድፊያውንና ምልልሱን ይቀንሳል እንጂ ሕመሙን ከሥሩ አይነቅልም። ለውጡን ለማየት ስንት ጊዜ እንደሸኑ ለሦስት ቀን ጽፈው ይያዙ፤ ከጀመሩ በኋላም ይድገሙት።

ከክኒኑ በፊት የሽንትና የስኳር ምርመራ፣ ለወንድ ደግሞ የፕሮስቴት ምርመራ ይደረግ፤ በእነዚህ ምርመራዎች የሚታወቁ ሕመሞችም ሽንት ያመላልሳሉ። ቡናና ሻይ መቀነስ፣ ሽንት ሲመጣ በትንሽ በትንሹ ማዘግየትን መለማመድም እውነተኛ ሕክምና ነው፤ ወጪም የለውም። እኔ ብጠየቅ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ።

ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ ወይም ሲሸኑ ካቃጠለዎትና ካተኮሰዎት ቶሎ ይመርመሩ። ክኒኑን እየወሰዱ ሽንት አልወጣ ካለዎት ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ክኒኖቹ ሁሉ ባይረዱስ? ቦቶክስ የተባለው መድኃኒት በፊኛው ግድግዳ ላይ በመርፌ ይሰጣል። ውጤቱ ለስድስት ወር ገደማ ይቆይና ይደገማል። አንዳንዱ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ለጊዜው በቱቦ መሽናት ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ይህን ከመወሰንዎ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት።