ትኩሳት ለኪው ካሜራም ፈተና ይቀመጥ!

እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020፣ ሚላን፣ ሳንሲሮ ስታዲየም። በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የቻምፒየንስ ሊግ ጥሎ ማለፍ ውስጥ የገባው አታላንታ ቫሌንሲያን 4ለ1 ቀጠቀጠው። የቤርጋሞ ሕዝብ ተግተልትሎ ሚላን ገብቷል። ስታዲየሙ ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ተመልካች አለ። ጎል በገባ ቁጥር መተቃቀፍ፣ መሳሳም፣ መጮህ ነው። በእንዲህ ዓይነት ምሽት ቲፎዞን ማን ይከለክላል?

በዚያን ሰሞን የጣሊያን ኤርፖርቶች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም ነበር። ከውጭ የሚገባው መንገደኛ ሙቀቱ እየተለካ ነበር የሚያልፈው። ከጨዋታው ሁለት ቀን በኋላ ግን ከውጭ ያልመጣ፣ እዚያው ሎምባርዲ ውስጥ በኮሮና የተያዘ ሰው መገኘቱ ይፋ ሆነ። ወር ሳይሞላ ደግሞ የቤርጋሞ አስከሬኖች በወታደር መኪና ሲጫኑ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ቫሌንሲያም ከተጫዋቾቹና ከሠራተኞቹ 35 በመቶ ያህሉ በቫይረሱ መያዛቸውን አስታወቀ። ሁሉንም ነገር ያ ጨዋታ አመጣው ማለት አይቻልም። ነገር ግን የቤርጋሞው ከንቲባ ጆርጂዮ ጎሪ ሳይቀሩ ያ ምሽት ቫይረሱን ሳያሰራጭ እንዳልቀረ ተናግረዋል።

ታዲያ ጥያቄው እዚህ ጋ ይመጣል። ሙቀት ለኪው በር ላይ ቆሞ እያለ ኳሷ እንዴት መረብ ነካች?

ነገሩ ወዲህ ነው። ካሜራው ቫይረስ አያይም። እሱ የሚያነበው ከቆዳችን የሚወጣውን፣ በዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር ብቻ ነው። ትኩሳት ግን የውስጥ ነገር ነው። ካታንጋ ለመግባት ፀሐይ ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ፀሐይ የመታው፣ ሮጦ የደረሰ፣ አንድ ሁለት የቀመሰ ደጋፊ ምንም ሳያመው ፊቱ ይግላል። በተቃራኒው ላብ ያጠመቀው ተጫዋች ውስጡ እየነደደ ቆዳው ቀዝቀዝ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ፓራሲታሞል ውጦ የመጣው ደግሞ በሰላም ያልፋል። ቫይረሱ ይዞት ገና ትኩሳት ያልጀመረውማ እንዲያውም ማን ነክቶት!

ይህ ካሜራ ከሰው በር ላይ የቆመው በ2003 ሳርስ እስያን ባመሰ ጊዜ ነው። ሲንጋፖሮች ለጦር ሠራዊት ይጠቀሙበት የነበረውን የሙቀት ካሜራ ለትኩሳት መለኪያ አደረጉት። በዚያው ዓመት ፊፋ የሴቶች ዓለም ዋንጫን በዚሁ በሽታ ምክንያት ከቻይና ነጥቆ ለአሜሪካ እንደሰጠ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ካናዳም ኤርፖርቶቿ ላይ ፍተሻ አቁማ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጊዜ መንገደኛ ፈተሸች። ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ጎን የተደረጉት 9 ሺህ 100 ገደማ ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ በሳርስ የተያዘ ስንት ተገኘ? ዜሮ!

ይህን ሰምቶ “እንግዲያው ካሜራውን ጣሉት” የሚል አይጠፋም። ችግሩ ግን ካሜራው ብቻ አይደለም፤ ሳይፈተን ሥራ መጀመሩም ነው። በኛ ስፖርት የጎል መስመር ቴክኖሎጂ እንኳን ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት በዳኛው ይሞከራል። ዳኛውም ራሱ የአካል ብቃት ፈተና ሳያልፍ ፊሽካ አይሰጠውም። ሰውን “ታመሃል፣ ተመለስ” የሚል መሣሪያ ከዚህ ያነሰ ፈተና ለምን ይወስዳል?

ፈተናው ደግሞ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ከ2008 ጀምሮ ለዚህ መሣሪያ መመዘኛ አውጥቷል። ካሜራው ሲለካ የሚስተው ከግማሽ ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በጤነኛና በትኩሳታም ሰው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ለፋብሪካ ሥራ የተሠሩት ተራ የሙቀት ካሜራዎች ግን ሁለት ዲግሪ ያህል ሊስቱ ይችላሉ። በእነሱ ትኩሳት መለካት ኦፍሳይድን ከስታዲየም ውጪ ሆኖ እንደመፍረድ ነው።

ሲፈተን ካሜራው ፊት ሙቀቱ በትክክል የታወቀ ትንሽ መሣሪያ ይቀመጣል። መሣሪያው 37 ሲሆን ካሜራው 37 ይላል ወይ? 38 ሲሆንስ? ቀጥሎ ሰዎች አንድ በአንድ ይቆማሉ፤ ካሜራው ያለው ቁጥር በአፍ ቴርሞሜትር ከተገኘው ጋር ይነጻጸራል። እዚህ ላይ ትኩሳት ያለባቸው ሰዎችም የግድ መኖር አለባቸው። ጤነኛ ብቻ አሰልፎ “ካሜራው አልተሳሳተም” ማለት አንድም ኳስ ያልተመታበትን በረኛ “ጎል አልገባበትም” ብሎ እንደማሞገስ ነው።

የት ማየት እንዳለበትም ተጠንቷል። በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ500 በላይ ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት ግንባር አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም። የተሻለው የዓይን ውስጠኛው ጥግ፣ እንባ መፍሰሻው አጠገብ ያለው ቦታ ነው። ስለዚህ መነጽር ይወልቃል፣ ኮፍያ ይነሳል፣ ሰውየው ቀዝቀዝ ያለ ቤት ውስጥ ትንሽ አርፎ ብቻውን ይቆማል። መቶ ሰው እየተጋፋ ሲገባ ከላይ ሆኖ “ሁሉንም ለካሁ” የሚል ካሜራ ካለ ነገሩ ቀልድ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። የክትትል ካሜራዎችን የሚፈትሸው የአሜሪካው አይፒቪኤም በኮሮናው ዘመን ገበያ ላይ የዋሉትን መሣሪያዎች ሲሞክር አንዳንዶቹ ያነበቡትን ቁጥር በሶፍትዌር ወደ ጤነኛው ሙቀት እየጎተቱ እንደሚያሳዩ ደርሶበታል። ያየውን ትቶ ሜዳው እንዲረጋጋ ብሎ የሚያፏጭ ዳኛ ማለት ይኸው ነው።

ይሄ ሁሉ የቁጥር ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ከበስተጀርባው ሰው አለ። በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ ሴራሊዮን በሜዳዋ እንዳትጫወት ካፍ ከለከላት። ካሜሩንን በደርሶ መልስ የገጠመችው ሁለቱንም ያውንዴ ላይ ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች የሚኖሩት ውጭ አገር ሆኖ ሳለ ሙቀታቸው በየቀኑ ደጋግሞ ይለካ ነበር፤ በየሄዱበትም “ኢቦላ! ኢቦላ!” የሚል ጩኸት ተቀብሏቸዋል። አንዳቸውም ግን ኢቦላ አልነበረባቸውም። የቡድን ጓደኛህ ማሊያ ሊለዋወጥህ ሲፈራ ምን ይሰማሃል? በር ላይ በስህተት “ቀይ” የሚያበራ መሣሪያም አንድን ሰው በሕዝብ ፊት እንዲህ ያደርገዋል።

ወዲያ ማዶ ደግሞ ኮሞሮስ አለች። ጃንዋሪ 2022 ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ከአዘጋጇ ጋር ጥሎ ማለፍ ስትጫወት በረኞቿ በጉዳትና በኮሮና አልቀውባት ተከላካዩ ቻከር አልሃዱር ጓንት አጥልቆ ገባ። 2ለ1 ቢሸነፉም አልሃዱር ኳስ እያዳነ ዓለምን አስደንቋል። በዚያ ውድድር ተጫዋቾቹን ከሜዳ ያስቀረው የበር ላይ ሙቀት መለኪያ አልነበረም፤ የቫይረሱ ምርመራ ነው። ስሜት የሌለውን ሰው የሚይዘው እሱ ነውና።

ለማንኛውም ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ካሜራው ስታዲየም በር ላይ መቆሙ አይቀርም። ይቁም። ግን ተፈትኖ ይቁም። ቀይ ያበራበትን ሰው እዚያው መመለስ ሳይሆን ጥላ ውስጥ አሳርፎ በቴርሞሜትር ደግሞ መለካት ነው። አረንጓዴ የበራለትም ቢሆን ነፃ ነኝ ብሎ ጎረቤቱን አይቀፍ። ካሜራው ረዳት ዳኛ ነው፤ ባንዲራውን ያነሳል እንጂ ጨዋታውን አይፈርድም።