የብልሽት ልየታ ስህተትና የመኪና ወጪ ንጽጽር፦ ከደብረ ኤልያስና ከአካባቢዋ አንጻር

መግቢያ

በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ክፍል ስለ መኪና ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች ይደጋገማሉ። አንደኛው «መኪናው ምን ሆኖ ነው?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «የትኛው መኪና ወጪው ይቀላል?» የሚል ነው። የመጀመሪያው የመካኒኩ፣ ሁለተኛው የባለንብረቱ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ ሁለቱ ጥያቄዎች ተያይዘው ሲመረመሩ እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በመጀመሪያው ላይ የተመሠረተ ነው። የብልሽቱ መንስኤ በስህተት ተለይቶ የማያስፈልግ ዕቃ በተቀየረ ቁጥር ወጪው የሚመዘገበው በመኪናው ስም ነው። ስህተቱ ሲደጋገም ደግሞ መኪናው «ወጪው የማያልቅ» የሚል ስም ይወጣለታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልየታ ስህተት ከየት እንደሚመጣ፣ ከፍታ ቦታ ስህተቱን እንዴት እንደሚያባብሰው፣ እንዲሁም በመኪና ዓይነቶች መካከል የሚደረገውን የወጪ ንጽጽር እንዴት እንደሚያዛባው ማስረዳት ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

በቅኔ ትምህርቷ የታወቀችው ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ትገኛለች። ወረዳው ከደጋው ተነሥቶ እስከ ዓባይ ወንዝ ድረስ ቁልቁል የሚወርድ በመሆኑ አንድ መኪና በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ በጣም የተለያየ የአየር ግፊት ያጋጥመዋል። እህል የሚጭነው አይሱዙ፣ መንገደኛ የሚያመላልሰው ሚኒባስ፣ ባጃጁና የቤት መኪናው ሁሉ አቧራ፣ ጭቃና ዳገት የማይለዩት መንገድ ተጋሪዎች ናቸው።

ጉዳዩን አሁን አንገብጋቢ ያደረጉት የፖሊሲ ለውጦች ናቸው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ መጣ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው መኪና ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ እየተጠገነ ማገልገል ይኖርበታል። መኪናው በዕድሜ ሲገፋ ብልሽቱ ይበዛል፤ ብልሽቱ ሲበዛም መንስኤውን በትክክል የመለየት ዋጋ ከፍ ይላል።

ከፍታ ቦታና የመለኪያ ንባብ

የጥገና መጻሕፍት የሚሰጡት ልክ በአብዛኛው በባሕር ጠለል ላይ የተወሰደ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,440 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 74 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ ብልሽት አይደለም። ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር የሚያጣው ከዚህ ያነሰ በመሆኑ ሁለቱን በአንድ ዳገት ላይ አወዳድሮ «ይህኛው ሞተሩ ደክሟል» ማለት የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ያደርሳል።

ይበልጥ ውድ የሆነው ስህተት የሚፈጸመው በኮምፕሬሽን ልኬት ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል መጽሐፉ ለአንድ ጤነኛ ሞተር 12 ባር፣ ለዝቅተኛው ወሰን ደግሞ 10 ባር ይሰጣል እንበል። ያው ጤነኛ ሞተር ደብረ ማርቆስ ላይ ሲለካ የሚያሳየው 8.9 ባር ገደማ ነው። 1,050 ሜትር አካባቢ ወደሚገኘው የዓባይ ሸለቆ ወለል ቢወርድ ንባቡ ወደ 10.6 ባር ከፍ ይላል። መካኒኩ 8.9ን ከ10 ጋር ብቻ ካነጻጸረ «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ይወስናል። በዚህ ምክንያት አንዳችም ጉድለት የሌለበት ሞተር ይፈታል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የመጽሐፉን ቁጥር በአካባቢው የግፊት ምጣኔ ማባዛት በቂ ነው፤ ለደብረ ማርቆስ ምጣኔው 0.74 ነው። በተጨማሪም በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከእያንዳንዱ ንባብ የበለጠ ይናገራል። አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢና ለከፍታው ከተስተካከለው ዝቅተኛ ወሰን ያላነሰ ንባብ ካሳዩ ሞተሩን ለመጠርጠር የሚያበቃ ማስረጃ የለም። አንዱ ዝቅ ካለ ደግሞ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይቻላል። ንባቡ ከፍ ካለ ጥርጣሬው ወደ ፋሻው፣ ባለበት ከቀረ ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ያመለክታል። ልኬቱ ሲካሄድ ባትሪው የተሞላ፣ የነዳጅ መስጫው ፔዳልም እስከ መጨረሻው የተረገጠ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ንባቡ በሌላ ምክንያት ይወርዳል።

ሁለተኛው የከፍታ ውጤት በማቀዝቀዣ ውኃ ላይ የሚታየው ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን 0.9 ባር ግፊት መያዝ ከቻለ መፍያው ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ግን ይህን ጥበቃ ያሳጣል። በብዙ መኪናዎች ቴርሞስታቱ የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል ሲሆን የኤሌክትሪኩ ፋን የሚነሣው ከ90 ዲግሪ አልፎ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፋኑ ገና ሳይነሣ ውኃው መፍላት ሊጀምር ይችላል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያስወጣውን ዳገት ተያይዞ ውኃ የሚገነፍል መኪና ሲታይ ቀድሞ የሚጠረጠረው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ጥርጣሬው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት ከሁሉም ርካሽ የሆነውን ክዳን መፈተሽ ይቀድማል።

በካርቡራቶር የሚሠሩ እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉ አሮጌ መኪናዎች የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። በባሕር ጠለል ልክ የተስተካከለ ካርቡራቶር በዚህ ከፍታ የሚሰጠው ቅልቅል ከሚገባው ከ15 በመቶ በላይ ነዳጅ የበዛበት ይሆናል። ውጤቱም ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላና የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት፣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ የዘይት መቃጠል ምልክት ነው። ሁለቱን አለመለየት በማስተካከያ ብሎን የሚፈታን ችግር ወደ ሞተር ጥገና ይወስደዋል።

ምልክትን እንደ መንስኤ መውሰድ

በኮምፒውተር የሚቆጣጠሩ መኪናዎች ስህተቱን ያስቀራሉ የሚል ተስፋ ነበር። በተግባር ግን የኮድ ማንበቢያው አዲስ ዓይነት ስህተት ፈጥሯል። ለምሳሌ «ፒ 0171» የሚለው ኮድ ቅልቅሉ ነዳጅ ያነሰበት መሆኑን ብቻ ይገልጻል። መንስኤው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ በአቧራ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የነዳጅ ፖምፓ ወይም የተደፈነ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። የኦክስጅን ሴንሰሩ በአብዛኛው ሁኔታውን የዘገበው እንጂ የፈጠረው አይደለም። ኮዱን አንብቦ ሴንሰሩን መቀየር መልእክተኛውን እንደ ጥፋተኛ መቁጠር ነው።

ነዳጁ ራሱም መመርመር ይኖርበታል። በጀሪካን ተገዝቶ የሚቀዳ ነዳጅ ውኃ ወይም ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል። ውኃ የገባበት ናፍጣ የሚያሳየው መንቀጥቀጥና መጥፋት ከኢንጀክተር ብልሽት ጋር ስለሚመሳሰል ጥቂት ናፍጣ ከፊልትሮው ሥር በግልጽ ጠርሙስ ቀድቶ ማየት ከማንኛውም የዕቃ ግዢ መቅደም አለበት።

ስህተቱ የሚደጋገምበት ምክንያት

የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ገዢው ከተጠቀመበት በኋላም ጥራቱን በቀላሉ ሊያረጋግጥ የማይችለውን የአገልግሎት ዓይነት ለይተው አሳይተዋል። ጥገና የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሦስት ዕቃዎች በተከታታይ ተቀይረው መኪናው በሦስተኛው ቢድን ባለንብረቱ ሦስቱም ያስፈልጉ እንደነበር ወይም ሁለቱ በከንቱ እንደተቀየሩ ማወቅ አይችልም። መካኒኩም ቢሆን መዝገብ ካልያዘ ከስህተቱ የሚማርበት መንገድ የለውም።

ይህ ማለት ስህተቱ ሁልጊዜ ከማታለል ይመነጫል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ለምርመራ ብቻ የመክፈል ልማድ አለመኖሩ መንስኤ ይሆናል። ደንበኛው የሚከፍለው ለዕቃና ለእጅ ሥራ ከሆነ አንድ ሰዓት መርምሮ «ቱቦው ላልቶ ነው» ያለ ባለሙያ የሚያገኘው ሴንሰር ከቀየረው ያነሰ ነው። ክፍያው ዕውቀትን ሳይሆን ዕቃ መቀየርን የሚያበረታታ ይሆናል።

የመኪናው ዓይነት ልዩነት የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። በብዛት የሚገኝ መኪና፣ እንደ ቶዮታ ያለው፣ በየጋራዡ የታወቀ የብልሽት ታሪክ አለው። መካኒኩ ተመሳሳይ ምልክት ደጋግሞ አይቷል፤ ለማመሳከር ጓደኛው ዘንድ ያለ ደህና ዕቃ አውጥቶ ሊሞክርበትም ይችላል። እምብዛም የማይታይ መኪና ግን በዚያው ብልሽት ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። ስለዚህ «ርካሽ» የሚባለው መኪና ርካሽነት ከፊሉ በብረቱ ሳይሆን በዙሪያው በተከማቸው ዕውቀት የተገኘ ነው።

ወጪን የማነጻጸሪያ ስሌት

የአንድ መኪና የኪሎ ሜትር ወጪ የሚገኘው የነዳጅ፣ የመደበኛ ሰርቪስ፣ የጎማ፣ የጥገና፣ የመድንና የዓመታዊ ምርመራ ወጪዎች፣ እንዲሁም መኪናው ቆሞ የሚያሳጣው ገቢና የዋጋ ቅናሹ ተደምረው ለተጓዘው ኪሎ ሜትር ሲካፈሉ ነው። ለትክክለኛ ንጽጽር የጥገናው ወጪ በሁለት መከፈል አለበት፤ አንዱ ብልሽቱን ያዳነው፣ ሌላው በልየታ ስህተት የወጣው።

ለማሳያ ብቻ የቀረበ ስሌት ነጥቡን ግልጽ ያደርገዋል። ሁለት መኪናዎች በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ የነዳጅ ዋጋ በሊትር 100 ብር ነው እንበል። አንደኛው በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ሁለተኛው 9 ሊትር ይፈጃል፤ በዓመት የ20,000 ብር ልዩነት ማለት ነው። የአንደኛው ጥገና 40,000 ብር፣ የሁለተኛው 75,000 ብር ፈጅቷል። በጥቅሉ ሲታይ ሁለተኛው በኪሎ ሜትር 2.75 ብር ይበልጣል። ነገር ግን ከ75,000ው ውስጥ 45,000 ብር ያለአግባብ ለተቀየሩ ዕቃዎች የወጣ ቢሆን፣ በአንደኛው ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ስህተት ባይኖር፣ ከመኪናው ባሕርይ የመነጨው ልዩነት 0.50 ብር ብቻ ይሆናል።

ያም ሆኖ 45,000ው ብር ከባለንብረቱ ኪስ የወጣ ገንዘብ ስለሆነ ከስሌቱ ሊሰረዝ አይገባም፤ ለብቻው መመዝገብ ግን አለበት። በደብረ ኤልያስ ለሚኖር ገዢ በአቅራቢያው የሚያውቀው ባለሙያ የሌለው መኪና በእርግጥም ውድ ነው። ልዩነቱ ይህኛው ወጪ በሥልጠናና በመረጃ ሊቀንስ የሚችል፣ ያኛው ግን ከመኪናው ጋር የሚኖር መሆኑ ነው።

ንጽጽሩን የሚያዛቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አሥራ አምስት ዓመት የሠራን መኪና ከአምስት ዓመቱ፣ አስፋልት ላይ የሚውለውን ከጠጠር መንገዱ ማወዳደር የዓይነትን ሳይሆን የዕድሜንና የመንገድን ልዩነት ይለካል። የነዳጅ ፍጆታም በግምት ሳይሆን ታንከሩን ሞልቶ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቦና እንደገና ሞልቶ በተደጋጋሚ መለካት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የመኪና ወጪ ንጽጽር ከጥገና ሂሳብ ብቻ ሲሠራ የመኪናውን ባሕርይና የልየታን ጥራት አንድ ላይ ቀላቅሎ ይለካል። በደጋማው ጎጃም ይህ መቀላቀል ይብሳል፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ልክና የአካባቢው ንባብ የተለያዩ ናቸው።

ለወደፊት ጥናት ቀላሉ መነሻ የጋራዥ መዝገብ ነው። መዝገቡ የመኪናውን ዓይነትና ዕድሜ፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር፣ ምልክቱን፣ የተደረገውን ፍተሻ፣ የተቀየረውን ዕቃና ከዚያ በኋላ የታየውን ውጤት ቢይዝ የልየታ ስህተት ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ሊታወቅ ይችላል። በአካባቢው ከፍታ የተስተካከለ የኮምፕሬሽን፣ የግፊትና የመፍያ ነጥብ ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ መለጠፍም ከአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ለአንድ ባለንብረት ሳያስፈልግ ከሚወርድ ሞተር መዳን ማለት ሲሆን ለተመራማሪው ደግሞ የትኛው መኪና በእውነት እንደሚረክስ ለማወቅ የሚያስችል ንጹሕ መረጃ ነው።