ከዋሽንግተን ቦሌ ሳያርፉ፣ ከቦሌ ዋሽንግተን ግን አርፈው

ከዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሄዱም ሲመለሱም ርቀቱ ያው ነው። ሆኖም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን ሲነሳ 13 ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል፤ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ግን ለዓመታት እንደ ሮምና ደብሊን ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ለምን?

በመጀመሪያ መንገዱን እንይ። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብናገናኝ መስመሩ አትላንቲክን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ሰሃራ ይገባል። በሉል ላይ ክር ወጥረን ስናይ ግን አጭሩ መንገድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ከፍ ይላል፤ ከዚያ በፖርቱጋልና በስፔን በኩል ወርዶ ሰሃራን ያቋርጣል። ምድር ክብ በመሆኗ ይህ ጠማማ የሚመስል መንገድ ከካርታው ቀጥታ መስመር በ500 ኪሎ ሜትር ያህል ያጥራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት አካባቢ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። የሚፈጥሩት የዋልታው ቅዝቃዜና የምድር ወገብ ሙቀት ልዩነት እንዲሁም የምድር መሽከርከር ናቸው። በሰሜኑ ክረምት ይበረታል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥንበት ጊዜም ብዙ ነው።

በስሌት እንየው። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ነፋሱ ደግሞ በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ከኋላ ሲገፋው 11,500 ኪሎ ሜትሩን በ12 ሰዓት ይጨርሳል፤ ከፊት ሲገጥመው 13 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። በቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ ከዚህ የሚረዝመው በመሬት ላይ የሚሄድበትን፣ ሽቅብ የሚወጣበትንና ከአጭሩ መስመር ወጣ የሚልበትን ጊዜ ስለሚጨምር ነው።

ዋናው ምክንያት ግን የቦሌ ከፍታ ነው። ደለስ ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቦሌ 2,300 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም በቂ አየር ለማግኘት አውሮፕላኑ የበለጠ ፈጥኖ መንደርደር አለበት። መንደርደሪያው ደግሞ መጨረሻ አለው፤ ጎማውም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ አይችልም። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይላል። ወይ መንገደኛና ጭነት ይቀነሳል፣ ወይ ነዳጅ ተቀንሶ መንገድ ላይ ይቀዳል። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይህ ችግር የለም፤ ከደለስ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፣ ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን አቃጥሎ ቀሏል።

መንገደኛን የሚያደናግረው የሰዓት ልዩነትም አለ። በቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። በአሜሪካ ክረምት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች፣ በበጋ በ7። በክረምት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከዋሽንግተን ተነስቶ 13 ሰዓት የበረረ ሰው ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን ብቻ ቢያቀናንስ ግን 21 ሰዓት የበረረ ይመስለዋል።

ነፋሱን ማንም አያዞረውም፤ የመነሻውን ቦታ ከፍታ ግን መምረጥ ይቻላል። ቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፤ ያው አውሮፕላን የበለጠ ነዳጅና የበለጠ ሰው ጭኖ መነሳት ይችላል። ለረጅም በረራ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው።