«ሊባ» የሚለው የማዕዘን ስም ትርጓሜና መነሻ

በአያት ከፍታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው፥ ወደ ለገጣፎና ወደ ሰንዳፋ የሚወስደው መንገድ በሰሜን ምሥራቅ፥ የረር ተራራ በደቡብ ምሥራቅ፥ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በደቡብ ምዕራብ፥ እንጦጦ በሰሜን ምዕራብ በኩል ይገኛሉ። የቀድሞ ሊቃውንት ግን እነዚህን ማዕዘኖች ሁለት ቃል ሳያጣምሩ መስዕ፥ አዜብ፥ ሊባ፥ ባሕር እያሉ በየስማቸው ይጠሯቸዋል።

ከእነዚህ መካከል «ሊባ» ከግዕዝ ሥር የወጣ ሳይሆን ከጽርእ የመጣ ነው። በጽርእ «ሊፕስ» ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ስም ነው፤ ተሳቢ ሲሆን «ሊባ» ይባላል፤ ወደ ግዕዝ የገባውም በዚህ መልኩ ነው። የጥንት የጽርእ መርከበኞች ማግኔታዊ ኮምፓስ ስላልነበራቸው አቅጣጫን በነፋስ ስም ይለዩ ነበር። ስምንት ማዕዘን ባለው የአቴና የነፋሳት ግንብ ላይ ሊፕስ የመርከብ የኋላ ጌጥ ይዞ ተቀርጿል። የሐዋርያት ሥራ የጽርእ ንባብም በምዕራፍ 27፥ ቍጥር 12፥ የቀርጤስን ወደብ አቀማመጥ ሲገልጽ ይህንኑ ስም ያነሣል።

ይሁን እንጂ በጽርእ ብሉይ ኪዳን ቃሉ ሁልጊዜ ደቡብ ምዕራብን ብቻ አያመለክትም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 13፥ ቍጥር 14 የቆመው ስለ ደቡብ ነው። ስለዚህ «ሊባ»ን ባገኘበት ሁሉ ደቡብ ምዕራብ ብሎ የሚተረጕም ሰው ምድሩን ካለ ስፍራው ያኖረዋል።

«ባሕር»ም እንዲሁ ነው። የሜዲትራኒያን ባሕር ከፍልስጥኤም በስተ ምዕራብ ስለሆነ፥ ዕብራውያን ምዕራብን «ባሕር» ይሉ ነበር። የጽርእ ተርጓሚዎች ቃሉን እንዳለ መለሱት፤ ከእነርሱም ወደ ግዕዝ ተሻገረ፤ በስምንቱ ማዕዘን አቈጣጠር ደግሞ የሰሜን ምዕራብ ስም ሆነ። ለአክሱም ሰዎች ግን ቅርቡ ባሕር፥ ማለት ቀይ ባሕር፥ በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነበረ። ዛሬም ከአያት ወደ እንጦጦ እያመለከተ «ባሕር» የሚል ሰው፥ በዚያ የሚያገኘው ተራራ እንጂ ውኃ አይደለም።

እንግዲህ የማዕዘን ስም አቅጣጫን ብቻ ሳይሆን፥ ቃሉን አስቀድሞ የተናገረው ሰው የቆመበትን ስፍራም ይዞ ይጓዛል። የጥንት መጻሕፍትን የሚመረምር ተማሪ ስሙን በካርታ ላይ ከማኖሩ በፊት፥ ተናጋሪው ከወዴት ሆኖ እንደ ተመለከተ ሊጠይቅ ይገባዋል።